ቫይረሱ በወልድያ አልፏል፤ ካርታው ግን አያሳየውም

ወልድያ የመንገድ ከተማ ናት። ከደቡብ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ በኩል የሚመጣው መንገደኛ እዚያ ይደርሳል። ከሰሜን የቆቦና የአላማጣው፣ ከምዕራብ ደግሞ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ የሚወርደው እዚያው ይገናኛል። በምሥራቅ በሐራ በኩል የሚሄደው መንገድ ወደ አፋር ቆላ ያወርዳል። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ፣ ላሊበላ ሊሳለም የሚሄደው ምዕመን፣ ወደ ዓረብ አገር የሚሰደደው ወጣትና ከዚያ ተባርሮ የሚመለሰው ሁሉ ከተማዋን ሳይነካ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ ሰሜን ወሎ ሲገባ በዚሁ መንገድ እንደሚገባ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ከግምት አልፎ ማወቅ ነው። ከየት በኩል መጣ? መቼ? አንድ ጊዜ ገብቶ ተዛመተ ወይስ ደጋግሞ ገባ? ከዚህስ ተነስቶ ወዴት ሄደ?

ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከሕመምተኛው ትዝታ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከቫይረሱ ዘረመል ሲፈለግ ቆይቷል። ዘዴው በዓለም ላይ ብዙ አሳይቷል። በእኛም አገር ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በኤችአይቪና በኮሮና፣ ተሠርቶበታል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወጥተን ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ ወረዳ ላይ ቆመን ስንጠይቀው መልሱ እየሳሳ ይሄዳል። ለምን እንደሚሳሳ ለመረዳት ከአሠራሩ መነሳት ያስፈልጋል።

የኮሮና ቫይረስ ዘረመል በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ ርዝመቱም 29,903 ፊደል ነው። ቫይረሱ በሰው ሴል ውስጥ ሲባዛ ጽሑፉን ደግሞ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ይስታል። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ሁለት ቅጂዎች ላይ አንድ ዓይነት ግድፈት ሲያገኙ ሁለቱም ከአንድ ቀደምት ቅጂ እንደወረዱ ይረዳሉ። የቫይረስ ተመራማሪውም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የጋራ ስሕተት ያላቸውን በአንድ ቅርንጫፍ ያሰባስባል፣ የሌላቸውን ይለያል፣ በመጨረሻም አንድ ትልቅ የዘር ሐረግ ይስላል። የመነሻው ቅጂ ከዉሃን የተገኘው ናሙና ነው። ቻይናዊው ዣንግ ዮንግጄንና ባልደረቦቹ አነበቡት፤ አውስትራሊያ ያለው ኤድዋርድ ሆልምስ በጥር 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለዓለም ይፋ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የተነበበ ማንኛውም ቅጂ የሚመዘነው ከዚያ ጽሑፍ ጋር ነው።

በዚህ ላይ ሰዓት ይጨመርበታል። ቫይረሱ በአማካይ በወር ሁለት ያህል ለውጥ ያጠራቅማል። ስለዚህ በሁለት ቅጂዎች መካከል ያለውን ልዩነት ቆጥሮ የጋራ አያታቸው መቼ አካባቢ እንደነበር ማስላት ይቻላል። በየቅጂው ላይ ናሙናው የተወሰደበት ቦታና ቀን ከተጻፈ ደግሞ ቅርንጫፎቹ በካርታ ላይ ይዘረጋሉ። ከየትኛው አገር ወደ የትኛው እንደተሻገረ፣ ስንት ጊዜ እንደገባ፣ ገብቶ ምን ያህል እንደቆየ የሚነገረን በዚህ መንገድ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሲታይ ሥራው ከሚመስለው በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ የተወሰደው ናሙና በቅዝቃዜ ተጠብቆ መድረስ አለበት፤ የቫይረሱ ዘረመል አርኤንኤ ስለሆነ በሙቀት ቶሎ ይበጣጠሳል። በፒሲአር ምርመራ ላይ ቫይረሱ ከ30 ዙር በኋላ ብቻ የሚታይ ከሆነ ናሙናው ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ነው፤ ሕመምተኛው ፖዚቲቭ ቢባልም ጽሑፉ ሙሉ ሆኖ የመነበብ ዕድሉ ይቀንሳል። ብዙ አገሮች የተጠቀሙበት ዘዴ ጽሑፉን እያንዳንዳቸው 400 ፊደል ወደሚያህሉ 98 ተደራራቢ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ያባዛል፤ ከዚያ በማሽን ያነባቸዋል። ከማሽኖቹ አንዱ በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ሲሆን ዘረመሉን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ በኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጥ ፊደሉን ይለያል። ያልተነበበው ቦታ ባዶ ይቀራል። ባዶው ከበዛ ቅጂው ይጣላል። መርሳ ላይ የተወሰደ ናሙና ቆላው ሞቅ ባለበት ሰዓት በረዶው ቀልጦ ከደረሰ፣ የሕመምተኛው ውጤት ምናልባት ይታወቅ ይሆናል፤ የቫይረሱ ታሪክ ግን እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል።

በኢትዮጵያ ይህ ዘዴ የተጀመረው በኮሮና አይደለም። ኤችአይቪ በአገራችን ደም ውስጥ እንደነበረ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 በተወሰዱ ናሙናዎች ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡትም በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አዲስ አበባ ላይ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም ውስጥ ሥራ ሲጀምር ከጥያቄዎቹ አንዱ ይህ ነበር። በአገራችን ያለው ኤችአይቪ የትኛው ነው? ከየትስ መጣ? ያገኙት መልስ ግልጽ ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉም ንዑስ ዝርያ ሲ የሚባለው ነው፤ በውስጡ ግን ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሐረጎች ይታያሉ። የዘረመል ሰዓቱም አንደኛው ሐረግ መስፋፋት የጀመረበትን ጊዜ ወደ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ወሰደው። ሆስፒታሎች የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ከመመዝገባቸው በፊት ቫይረሱ በዝምታ ለዓመታት ተዘዋውሯል ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ወሎ ከወረርሽኙ ዳር አልነበረም። ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻና በባቲ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የአገሪቱ ዋና የወደብ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በከባድ መኪና ሾፌሮችና በሴተኛ አዳሪዎች ላይ የተደረጉት የደም ምርመራዎች በመንገዱ ዳር ያሉ ከተሞች ምን ያህል እንደተጎዱ አሳዩ፤ ደሴ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ነበረች። ያ ግን የደም ምርመራ ቆጠራ ነው፤ ስንት ሰው እንደተያዘ እንጂ ቫይረሱ ከየት ወደ የት እንደሄደ አይናገርም። የኢትዮጵያ የኤችአይቪ ዘረመል ጥናቶች ናሙናቸውን በብዛት የሰበሰቡት ከአዲስ አበባ፣ ኋላም ከጎንደር ነው። የአሰብን መንገድ ታሪክ ከራሱ ከቫይረሱ አንደበት የምንሰማበት ጥሩ ዕድል በዚያን ጊዜ አልፎናል። የኮሮና ጊዜ ስሕተት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ያንኑ ደገምነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ይፋ የተደረገው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። መጀመሪያ ላይ የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ሕመምተኛው ከመገኘቱ በፊት ግን አዲስ አበባ ላይ መመርመር ተችሎ ነበር፤ ወራት ሲቆጠሩ የክልል ላቦራቶሪዎችም ሥራውን ጀመሩ። በአማራ ክልል የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባሕር ዳርና ደሴ ላይ መመርመር ያዘ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በየዩኒቨርሲቲው ለይቶ ማቆያ ተከፈተ። በዚያው ሰሞን ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ሲመለሱ፣ ልጆቿን ወደዚያ አገር በብዛት የምትልከው ሰሜን ወሎ ጭንቀቱ ከማንም በላይ ገባት።

ግን ጭንቀቱ በትክክለኛው አቅጣጫ ነበር? የአፍሪካን የመጀመሪያ ዓመት የዘረመል መረጃ የሰበሰበው ትልቁ ጥናት ከ33 አገሮች 8,746 ቅጂዎችን መርምሮ ቫይረሱ ወደ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች በመጀመሪያ የገባው ከአውሮፓ እንደሆነ አሳየ። በረራው ሲገደብ ከውጭ የሚገባው ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ ወረርሽኙን የቀጠለው በአህጉሩ ውስጥ ያለው መተላለፍ ነበር። ለኢትዮጵያ የተለየ ሥዕል ለማግኘት ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2023 መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት አባይ ሲሳይና ባልደረቦቹ፣ የደቡብ አፍሪካው ቱሊዮ ዴ ኦሊቬራ ጭምር ያለበት ቡድን፣ ከአገራችን የተገኙ 353 ጥራት ያላቸው ቅጂዎችን በአንድ ላይ ተነተኑ።

ከጥናቱ ውጤቶች ሁለቱን ደጋግሜ አስቤባቸዋለሁ። አንደኛው ቢ.1.480 የተባለው ሐረግ ነው። በመጀመሪያው ማዕበል ተነስቶ እንግሊዝ አገር መጀመሪያ የታወቀው አልፋ ከገባ በኋላም ሳይጠፋ ቆየ፤ ከሜዳው ያስወጣው ዴልታ ነው። ስለ አልፋ፣ ስለ ዴልታና ስለ ኦሚክሮን በየሬዲዮው ሰምተናል። በየመንደራችን ሲዞር የከረመውን ቢ.1.480 ግን ከባለሙያ በስተቀር ስሙን የሰማ የለም።

ሁለተኛው ውጤት ለሰሜን ወሎ ይበልጥ ይከብዳል። የመጀመሪያውን ማዕበል የዘሩት ከውጭ የገቡ ቫይረሶች ናቸው፤ የኋለኞቹን ማዕበሎች የዘራው ግን በአገር ውስጥ ያለው መተላለፍ ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ እውነት አለመሆኑን የሚያሳይ ነገርም የለም፣ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ የወረርሽኙ ዋና በር ቦሌ አልነበረም፤ መናኸሪያው ነበር። የደሴና የወልድያ አውቶቡስ፣ የመርሳ ሚኒባስ፣ ከአዲስ አበባ ለበዓል የሚመለሰው ዘመድ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የገበያ ቀን። በስደት ተመላሹ ላይ ያን ያህል ጣት ሲቀሰር ቫይረሱ ማንም ሳይጠይቀው በአገር ውስጥ መንገድ ይሄድ ነበር።

ችግሩ እነዚያን የአገር ውስጥ መንገዶች ለማየት የሚያስፈልገው መረጃ አለመኖሩ ነው። 353 ቅጂ ማለት ጥናቱ ከጠቀሳቸው ከ499,000 በላይ በምርመራ የተረጋገጡ ሕሙማን ውስጥ ከ1,400 የአንዱን ያህል ብቻ ነው። በምርመራ የተረጋገጠው ደግሞ ራሱ የእውነቱ ትንሽ ቁራሽ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሆስፒታል ሠራተኞች ደም ውስጥ የቫይረሱን ፀረ እንግዳ አካል የፈለገ ጥናት በነሐሴ 2020 (እ.ኤ.አ.) 10.9 በመቶ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ 53.7 በመቶ አግኝቷል፤ በዚያን ሰዓት በመላ አገሪቱ የተመዘገበው ሕመምተኛ ገና 160,000 አልሞላም ነበር። አባይ ሲሳይና ባልደረቦቹ ራሳቸው የዘረመል ናሙናው የተቆራረጠ፣ ያልተመጣጠነና ያልበቃ መሆኑን፣ በአገር ውስጥ የማንበብ አቅም መጓደሉንም በግልጽ ጽፈዋል። ቅጂዎቹ በሚሰበሰቡበት ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ላይም ብዙ ጊዜ ከቅጂው ጋር የሚገኘው የቦታ ስም አገር ነው፤ ሲሻል ክልል ወይም ከተማ። ከዚያ ወርዶ ሀብሩ ወረዳ ብሎ የሚጽፍ ቅጽ ማየት ብርቅ ነው።

በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ መጣ። ሕንድ አገር መጀመሪያ የታየው ዴልታ በኢትዮጵያ የበረታው በነሐሴ 2013 እና በመስከረም 2014 ዓ.ም. ነው። ወልድያ በነሐሴ 2013 በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ መርሳና ሀብሩም አልቀረላቸውም። አካባቢው እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በዚያ ሁኔታ ከረመ። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። የወልድያን ሆስፒታል ጨምሮ የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ደሴ ሸሸ፤ በየትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ አደረ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻም ሲያዙ ያው ሕዝብ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ነጎደ። ለአንድ የመተንፈሻ ቫይረስ ከዚህ የተመቸ ሁኔታ አይገኝም። ለናሙና ሰብሳቢ ደግሞ ከዚህ የከፋ የለም። እናት ሦስት ልጆች ይዛ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ስትሸሽ ሳሏን የሚመረምር ማን ነበር? ኦሚክሮን በዓለም ጤና ድርጅት ስም የተሰጠው በኅዳር 2014 ነው፤ በታኅሣሥ በኢትዮጵያ የሚመዘገበው የሕሙማን ቁጥር ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማያውቅ ደረጃ ሲወጣ ተፈናቃዩ ወደ ወልድያና ወደ መርሳ መመለስ ጀምሮ ነበር። ዴልታ ከሕዝቡ ጋር ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ኦሚክሮን ከሕዝቡ ጋር ወደ ሰሜን ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ግምት ጥሩ ምክንያት አለ፤ ማረጋገጫ የሚሆነው ቅጂ ግን በዚያን ጊዜ ሊወሰድ የሚችል አልነበረም።

ናሙና ቢገኝ ኖሮስ ሁሉም ይታወቅ ነበር? አይታወቅም፤ ይህን አጥብቆ መናገር ያስፈልጋል። ከመርሳ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቫይረሱ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው በአምስት ቀን አካባቢ ይሻገራል፤ ለውጥ የሚያጠራቅመው ግን በወር ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ወልድያ የታመመው ሰውና በተከታዩ ሳምንት መርሳ የታመመችው ሴት ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ፊደል በፊደል አንድ ይሆናል። ማን ለማን እንደሰጠ ከጽሑፉ ማውጣት አይቻልም። ዘረመሉ በትክክል የሚመልሰው ከዚህ ሰፋ ያለውን ጥያቄ ነው። የሀብሩ ቫይረስ ከአዲስ አበባው ነው ወይስ ከመቀሌው ወይስ ከጎንደሩ ጋር የሚቀራረበው? ቢ.1.480 እዚህ እስከ መቼ ቆየ? ዴልታ አንድ ጊዜ ነው የገባው ወይስ አሥር ጊዜ? ለእነዚህ ከየወረዳው በየወሩ ጥቂት ደህና ናሙና ይበቃል። ሺህ አያስፈልግም።

ሌላው አደጋ ቀስቱ ነው። ስሌቱ ቫይረሱ ከየት ወደ የት እንደሄደ ሲገምት ብዙ ቅጂ ያለበትን ቦታ ምንጭ አድርጎ የመሳል ዝንባሌ አለው። ከአዲስ አበባ ሦስት መቶ፣ ከወልድያ አንድ ቅጂ ቢገባ፣ ቀስቱ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ መዞሩ የሚጠበቅ ነው፤ እውነቱ ግን ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ናሙና ያልላከው ቦታ ደግሞ በካርታው ላይ ጭራሽ የለም። እንዲህ ያለ ካርታ ሳይ መጀመሪያ የማየው ቫይረሱ የተጓዘበትን መንገድ ሳይሆን ላቦራቶሪ ያለበትን ቦታ ነው። የጤና ባለሥልጣንም፣ ጋዜጠኛም፣ ተማሪም እንዲህ እንዲያየው እፈልጋለሁ። ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና ኦሚክሮንን ቀድመው አንብበው ለዓለም ሲያሳውቁ የተከፈላቸው ዋጋ የበረራ ክልከላ ነበር፤ ያነበበው አገር ምንጭ ተደርጎ ተቆጠረ።

ይህን ስል ናሙና ላይ የወረዳ ስም ይጻፍ ማለቴ ነው፤ ግን ይህም ጥንቃቄ አለው። በ2012 ከለይቶ ማቆያ የወጣ ሰው ጎረቤት ሲሸሸው የታየበት አገር ነው። ሀብሩ ውስጥ በአንድ ሳምንት አንድ ሕመምተኛ ብቻ ካለና ዕድሜው፣ ጾታውና ቀበሌው ከተጻፈ ስሙን መጻፍ አያስፈልግም፤ አገሩ ያውቀዋል። በኤችአይቪ ላይ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ያ ቫይረስ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የተቀራረቡ ሕሙማንን በቡድን ለይቶ ማሳየት ይችላል፤ ያ ዕውቀት በተሳሳተ እጅ ከገባ ትዳር ያፈርሳል፣ ሰው ያስከስሳል። ስለዚህ ለሕዝብ የሚወጣው መረጃ ወረዳና ወር ላይ ቢቆም ይሻላል፤ ዝርዝሩ ጤና ተቋሙ ዘንድ ይቆይ። ለጥናቱ የሚጎድልበት ነገር አይኖርም።

ያለፈውን ማስመለስ ይቻል እንደሆነም መጠየቅ ተገቢ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ተብሎ አዲስ አበባን የጨረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪንም ሳይቀር ያስተኛው፣ ከእኛ አገር አንድም ናሙና አላስቀረም። የዚያው ቫይረስ ሙሉ ዘረመል ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ታውቋል፤ ከምንጮቹ አንዱ አላስካ ውስጥ በበረዶ መሬት ተቀብራ የቆየች ሴት ሳንባ ነው። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ የቀዘቀዘ ናሙና ይቆያል። ከ2012 እስከ 2014 ከሰሜን ወሎ ወደ ደሴ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የተላከ ፖዚቲቭ ናሙና በየትኛውም ማቀዝቀዣ ውስጥ ካለ ዛሬም ሊነበብ ይችላል። ፈልጎ፣ ቆጥሮ፣ ማንበብ የዓመታት ሥራ አይደለም። የወልድያ ዩኒቨርሲቲና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጡት የመመረቂያ ርዕስ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አቅም የለም የሚለው ምክንያትም እንደ ቀድሞው አይሠራም። የአፍሪካ በሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ የአህጉሩን የዘረመል ክትትል ፕሮግራም የጀመረውም ገና በ2020 (እ.ኤ.አ.) ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያ ጂንካ ላይ የማርበርግ ወረርሽኝ ሲረጋገጥ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የቫይረሱን ዘረመል ራሱ መርምሮ ቀደም ሲል በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ከታየው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን በቀናት ውስጥ ተናገረ። ጂንካ ለአዲስ አበባ ከወልድያ ይበልጥ አትቀርብም። ናሙናው ግን ደርሷል፣ ተነብቧል፣ ለውሳኔ በሚያስፈልግበት ሰዓት ታውቋል።

ለሰሜን ወሎ የሚያስፈልገው ወረርሽኝ እስኪመጣ የማይጠብቅ ልማድ ነው። ወልድያና መርሳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋንና ሳል ካለባቸው ጥቂት ሕሙማን በየሳምንቱ ናሙና መውሰድ፣ በቀዝቃዛ ሳጥን ደሴ ማድረስ፣ ቀኑንና ወረዳውን በትክክል መጻፍ፣ የተነበበውንም ውጤት ናሙናውን ለላከው ጤና ጣቢያ መመለስ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሀብሩ ያለች ነርስ የላከችው ናሙና የት እንደደረሰና ምን እንዳሳየ ካልተነገራት የሚቀጥለውን በዚያው ትጋት የምትልክበት ምክንያት የለም።